በየቀኑ የሚለካ መያዣ

ወደ መርጡለ ማርያም የሚመጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚወሰደው ከንግሥት እሌኒ ስም ጋር አብሮ ወደሚነሣው ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ነው። አበባና ሐረግ የተፈለፈለበትን ድንጋይ እየዳሰሰ ይደነቃል፤ መደነቁም ተገቢ ነው። እኔ እዚህ የማደንቀው ግን ሌላ ዓይነት የእጅ ሥራ ነው፤ የውል ወረቀት። አንዱ ወረቀት በየወረዳ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ራፖር ጸሐፊዎች የሚጽፉት ነው። ሌላው በለንደንና በኒውዮርክ ባንኮች መካከል የተዋዋዮችን መያዣ በየቀኑ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ወረቀት ነው። የሁለቱም ጭንቀት አንድ ነው፦ ዛሬ የተማመኑ ሰዎች ነገ ቢካካዱስ?

ከእኛው ልጀምር። እንደ እነብሴ ሳር ምድር ባለ የምሥራቅ ጎጃም ወረዳ የሚጻፍ የመሬት ውል ብዙውን ጊዜ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ውል ሰጪና ውል ተቀባይ በሙሉ ስም ይጠራሉ። ከዚያ መሬቱ ይመጣል፤ ሁለት ቃዳ፣ በምሥራቅ የእገሌ ማሳ፣ በምዕራብ የጋራ መንገድ፣ በሰሜን የእገሊት ማሳ፣ በደቡብ ወንዝ የሚያዋስነው ይባላል። ይህች የአዋሳኝ መስመር ባለሙያ የደከመባት መስመር ናት። ቦታውን ከማመልከት አልፋ ጎረቤቶቹን ሁሉ ሳይፈርሙ ምስክር ታደርጋቸዋለች። ነገ አንዱ ወገን ድንበር ቢገፋ መጀመሪያ የሚጮኸው ስሙ በውሉ ላይ የተጻፈው ባለማሳ ነው። ቀጥሎ ገደቡ ይጻፋል፤ ውሉን ያፈረሰ ለአክባሪው ይህን ያህል ብር፣ ለመንግሥት ይህን ያህል ብር ይከፍላል። መዝጊያው ማንኛውም አማርኛ አንባቢ በቃሉ የሚያውቀው ነው፤ ውሉ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ይሁን ይላል። 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚሠራ የሚናገር ነው። 2005 ደግሞ የተፈረመ ጽሑፍ በፈራሚዎቹ መካከል ስለ ስምምነቱና ስለ ቀኑ ሙሉ ማስረጃ መሆኑን የሚያረጋግጥ ነው። አንደኛው የግዴታው መሠረት፣ ሁለተኛው የማስረጃው መሠረት ነው። ከሕጉ ከሦስት ሺህ በላይ ቁጥሮች እነዚህን ሁለቱን መርጦ ጎን ለጎን ያቆማቸው ሰው ማን እንደሆነ ስሙ አልተጻፈም፤ ሥራው ግን በመላው አገሪቱ በየቀኑ ይገለበጣል።

ከዚህ በፊትም የውል ጽሑፍ ለጎጃም እንግዳ አልነበረም። በጎንደርና በጎጃም አድባራት በወንጌሉ ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ የመሬት ስጦታና ሽያጭ ይጻፍ ነበር። ዘመኑ በንጉሡና በሹማምንቱ ስም ይለያል፣ ዋጋው በወቄት ወርቅ ወይም በአሞሌ ይቆጠራል፣ ምስክሩና ዋሱ በስም ይዘረዘራል፣ መጨረሻ ላይ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ግዝት ይታሰራል። ማኅተም በሌለበት ዘመን ማንም ሊቀድደው የማይደፍረውን መጽሐፍ መዝገብ ማድረግ ትልቅ የሙያ ብልኃት ነው።

በነዚህ ሁሉ ውሎች ውስጥ ግን አንድ ጸጥ ያለ ግምት አለ፤ ዕዳው አይንቀሳቀስም። የወለድ አግድን ልማድ እንይ። አበዳሪው ገንዘቡን ይሰጣል፣ መሬቱን ይረከባል፣ ምርቱን በወለዱ ፋንታ ይበላል፣ ገንዘቡ በተመለሰ ቀን መሬቱን ይለቃል። የተበደረው ዐሥር ሺህ ብር ከሆነ መጨረሻም ዐሥር ሺህ ነው። መያዣው አንድ ጊዜ ይለካል፤ ከዚያ ወዲያ ጸሐፊው ሥራውን ጨርሷል።

ዕዳው ራሱ በየቀኑ የሚለዋወጥ ሲሆንስ? የዲሪቫቲቭ ጣጣ ይህ ነው። ዲሪቫቲቭ የክፍያው መጠን በሌላ ነገር ዋጋ ወይም ልክ ላይ የተንጠለጠለ ውል ነው፤ በነዳጅ ዋጋ፣ በምንዛሪ፣ በወለድ መጣኝ፣ አልፎ ተርፎም በዝናብ። የዝናቡ ምሳሌ ከእኛው አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም ምግብ ፕሮግራም አክሳ ሬ ከተባለው የፈረንሳይ የጠለፋ መድን ሰጪ ጋር በኢትዮጵያ ዝናብ ላይ ተዋዋለ። መለኪያው በአገሪቱ ውስጥ ባሉ 26 የሜትዎሮሎጂ ጣቢያዎች የሚመዘገበው ዝናብ ነበር። ድርቅ ቢሆን እስከ 7.1 ሚሊዮን ዶላር ይከፈል ዘንድ 930,000 ዶላር አስቀድሞ ተከፈለ። የዚያ ዓመት ዝናብ በቂ ስለነበር ክፍያ አልመጣም። ገዢው ዋጋውን በቅድሚያ ስለከፈለ ከዚያ በኋላ ዕዳ ሊኖርበት የሚችለው ሻጩ ብቻ ነበር።

አብዛኛው የዲሪቫቲቭ ውል ግን እንዲህ አንድ ወገን ብቻ የሚጠየቅበት አይደለም። አንድ አየር መንገድ ለዓመታት የሚቆይ የነዳጅ ዋጋ ውል ከባንክ ጋር ቢዋዋል፣ ነዳጅ ሲወደድ ባንኩ ባለዕዳ ይሆናል፤ ሲረክስ አየር መንገዱ። ሰኞ አበዳሪ የነበረ ሐሙስ ተበዳሪ ሆኖ ያድራል። እንዲህ ላለው ግንኙነት መያዣ የሚጽፍ ሰው ማን ለማን እንደሚያስይዝ እንኳ አስቀድሞ አያውቅም።

ለዚህ መልስ የሰጠው ኢስዳ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የዲሪቫቲቭ ማኅበር ነው። ዋናው ውሉ ማስተር አግሪመንት ይባላል፤ ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት የ1992 እና የ2002 ቅጂዎች ናቸው። የመያዣው ወረቀት ከዚያ ሥር የሚለጠፍ አባሪ ሲሆን ክሬዲት ሰፖርት አኔክስ ይሉታል። በኒውዮርክ ሕግ የሚገዛው በ1994፣ በእንግሊዝ ሕግ የሚገዛው በ1995 ወጣ። የእንግሊዙን በቅርበት እንየው፤ ለእኔ ከሁለቱ የተሻለው የእጅ ሥራ እሱ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ዐሥር አንቀጾች የታተሙ ናቸው፤ ማንም አይነካቸውም። ተዋዋዮቹ የተስማሙበት ልዩ ነገር ሁሉ፣ መጠኑ፣ ሰዓቱ፣ ተቀባይነት ያለው ገንዘብ፣ በ11ኛው አንቀጽ ይሞላል። በዚህ ምክንያት የሙያው ሰው አባሪውን ሲቀበል በቀጥታ ወደ 11ኛው ይገልጣል፤ ሌላውን ያውቀዋልና። የተደራደሩበትን ካልተደራደሩበት እንዲህ በግልጽ የለየ የውል አጻጻፍ ብዙ አላየሁም።

ስሌቱን በምሳሌ ላሳይ። ውሉ ዛሬ ቢቋረጥ አንደኛው ወገን 10,000,000 ዶላር የሚቀርበት ነው እንበል። በ11ኛው አንቀጽ 3,000,000 ያለ መያዣ በእምነት እንዲተው ተስማምተዋል። ስለዚህ መያዝ ያለበት 7,000,000 ነው። በእጁ ያለው 6,600,000 ከሆነ 400,000 ይጎድላል። ነገር ግን ዝቅተኛው የማስተላለፊያ መጠን 500,000 ተብሎ ከተጻፈ በዚያ ቀን ምንም አይንቀሳቀስም። በማግስቱ ይህ የሚቀርበት መጠን ወደ 10,213,000 ቢያድግ ጉድለቱ 613,000 ይሆናል፤ አሁን ይጠየቃል። የሚጠየቀውም ከ500,000 በላይ ያለው ትርፍ ሳይሆን ሙሉው 613,000 ነው። በ11ኛው አንቀጽ የተሞሉት ሁለቱ ቁጥሮች በጣም ይመሳሰላሉ፣ ሥራቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ሦስቱ ሚሊዮን ምንጊዜም ሳይያዝ የሚቀር እምነት ነው። አምስት መቶ ሺው ግን ሠራተኛ በየቀኑ በጥቃቅን ዝውውር እንዳይሰለች የተበጀ ነው። ጀማሪ ጠበቃ ሁለቱን ሲያደባልቅ ደንበኛው ብዙ ገንዘብ ያለ መያዣ ይቀርበታል።

ከዚያም ማጠጋጋቱ አለ። በተለመደው አሞላል የሚሰጠው መጠን ወደ ላይ፣ የሚመለሰው ወደ ታች ይጠጋጋል። በ10,000 ከተጠጋጋ 613,000 ዶላሩ 620,000 ይሆናል። በመስጠትም በመመለስም ጥርጣሬው የተፈታው ለባለመብቱ ነው። የሚሰጠው ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በ95 በመቶ የሚታሰብ የመንግሥት ቦንድ ከሆነ ደግሞ 652,632 ዶላር ገደማ የሚያወጣ ቦንድ መቅረብ አለበት፤ ዋጋው በአንድ ሌሊት ቢወርድ መጠባበቂያ እንዲሆን።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ 4ኛው አንቀጽ ነው። ስለ ክርክር ነው። አንደኛው ወገን ስሌትህ ተሳስቷል ቢል ምን ይደረጋል? ብዙ ውሎች እዚህ ላይ በሽምግልና ይታያል ብለው ያልፋሉ። ይህኛው ያልተካዱበትን መጠን መጀመሪያ አስተላልፉ ይላል። የተጣሉበት 100,000 ከሆነ ቀሪው 520,000 በጠቡ ምክንያት አንድ ቀን አይዘገይም። ከዚያ ተነጋገሩ ይላል። ካልተግባቡ ከአራት የገበያ ዋጋ ሰጪዎች ትክክለኛ ዋጋ ይጠየቅና አማካዩ ይወሰዳል። አራት ካልተገኙ ባነሱም ይሠራል። አንድም ካልተገኘ መጠኑን መጀመሪያ ያሰላው ተማኝ ስሌት ይጸናል። ይህን ደረጃ በደረጃ ያነበበ ሰው ጸሐፊው የት እንደቆመ ያያል፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ባይሆንስ እያለ ራሱን ጠይቋል፣ ጥያቄው የሚያልቅበት ድረስም ሄዷል። ጠብ ያለ ውሳኔ የሚንጠለጠልበት አንድም ቦታ አልተወም።

5ኛው አንቀጽ ደግሞ ደፋሩ ነው። የሚተላለፈው ነገር ባለቤትነቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ተቀባዩ ያልፋል፤ በዚህ አባሪ ምንም ዓይነት የመያዣ መብት አይቋቋምም ይላል። የመያዣ ወረቀት መያዣ አይደለሁም ብሎ ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ላነበበው ያስደነግጣል። ምክንያቱ ግን ጥብቅ ነው። ሰጪው ቢከስር ተቀባዩ በሌላ ሰው ንብረት ላይ መብት ለማስከበር ፍርድ ቤት አይመላለስም፤ የራሱን ነው የያዘው። የቀረው መመለስ ያለበት ዋጋ ብቻ ነው፤ እሱንም 6ኛው አንቀጽ በመጨረሻው ሂሳብ ላይ ያቻችለዋል። የኒውዮርኩ በተቃራኒው እውነተኛ መያዣ ነው፤ ንብረቱ የሰጪው ሆኖ ይቆያል። ሁለቱም ይሠራሉ፤ የእንግሊዙ ግን ሙግት የሚነሣበትን በር ገና ሲጻፍ ዘግቶታል።

የእነዚህ መስመሮች ክብደት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2008 ታይቷል። ኤአይጂ የተባለው ግዙፍ የአሜሪካ መድን ድርጅት የገባቸው ብዙ ውሎች የመያዣውን ግዴታ ከድርጅቱ የብድር ደረጃ ጋር ያሰሩ ነበሩ፤ ደረጃው ሲወርድ ተጨማሪ መያዣ ይጠየቃል። ቀድሞውንም የመያዣ ጥያቄ በዝቶበት ነበር፤ መስከረም 15 ደረጃው ሲወርድ ጥያቄው ከአቅሙ በላይ ሆነ። በማግስቱ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ እስከ 85 ቢሊዮን ዶላር ብድር ፈቀደለት። ውሉ የተጻፈበትን አድርጓል። ማን እንደሚጎዳ አለማሰብ የፈራሚዎቹ ጥፋት ነው።

ይህ ሁሉ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 በ2013 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራውን ጀምሯል። ዲሪቫቲቭ ሲመጣ መያዣው አብሮ መምጣቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አስተሳሰብ ይጠብቀዋል። በ2011 ዓ.ም. እስኪሻር ድረስ ቁጥር 2828 የመያዣ ውል የዋስትናውን ዕዳ ከፍተኛ መጠን እንዲገልጽ ያዝ ነበር። ቁጥር 3045 በማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ ላይ መጠኑ በኢትዮጵያ ገንዘብ ካልተጻፈ ውሉ ፈራሽ ነው ይላል። ቁጥር 2851 ደግሞ ዕዳው ካልተከፈለ አበዳሪው የሕጉን ሥርዓት ሳይከተል መያዣውን እንዲወስድ ወይም እንዲሸጥ የሚፈቅድ ስምምነትን ዋጋ ያሳጣ ነበር፤ እሱም ከ2828 ጋር አብሮ ተሽሯል። እነዚህ ድንጋጌዎች ተበዳሪውን ከነጣቂ ለመጠበቅ የተጻፉ ጥሩ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን ሁሉም አንድ ጊዜ የሚለካ ዕዳ ታስቦ የተጻፉ ናቸው። በየቀኑ የሚለዋወጥ ዕዳ ይዞ የሚመጣ፣ ባለቤትነት አስተላልፌያለሁ እንጂ አላስያዝኩም የሚል ወረቀት ዳኛው ፊት ሲቀርብ፣ ስሙ ተቀይሮ የመጣ መያዣ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም።

ስለዚህ በባንኮቻችን የሕግ ክፍል ላላችሁ፣ በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም ረቂቅ ለምታዘጋጁ አንድ ልመና አለኝ። የእንግሊዝኛውን አባሪ ገልብጣችሁ በ1731 እና በ2005 ብቻ አትዝጉት። በአማርኛ እንደገና ጻፉት፤ የመሬት ውል ጸሐፊ አዋሳኙን በሚጠነቀቅበት ጥንቃቄ። በተለይ 4ኛውን አንቀጽ ስትደርሱ ቁሙ። በለንደን አራት ዋጋ ሰጪ ማግኘት ቀላል ነው፤ በአዲስ አበባ በብር ለሚሠራ ውል አራቱ እነማን እንደሚሆኑ፣ ካልተገኙ የማን ስሌት እንደሚጸና፣ ከመጀመሪያው ፊርማ በፊት በስም ጻፉት።