ከኢይዝራኤል እስከ መጊዶ፦ የመንግሥታቱ ውድቀት ለእምነት የሚያነሣው ጥያቄ

በሰሜን እስራኤል ካለችው ከአፉላ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ የኢይዝራኤል ፍርስራሽ፣ በስተምዕራብ ደግሞ የመጊዶ ጉብታ አለ። ሁለቱም ከከተማዋ ቢርቁ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለ እስራኤልና ይሁዳ መንግሥታት ውድቀት የሚሰብክ ሰው ብዙውን ጊዜ ኢይዝራኤልን ይዞ መጊዶን ይተዋል፤ ኃጢአት ሠሩ፣ ወደቁ ይላል። እንዲህ ያለው አነባበብ የመጽሐፉን ግማሽ አንብቦ መዝጋት ነው።

በኢይዝራኤል የሆነውን ቀረብ ብለን እንየው። የእስራኤል ንጉሥ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ ሲመኝ፣ ናቡቴ የአባቶቼን ርስት አልሰጥም አለ። የንጉሡ ሚስት ኤልዛቤል በንጉሡ ስም ደብዳቤ ጽፋ፣ በማኅተሙ አትማ ለከተማው ሽማግሌዎች ላከች። ትእዛዙ የሚጀምረው ጾም በማወጅ ነው። ሕዝቡ ጾመ፣ ሁለት የሐሰት ምስክሮች ቀረቡ፣ ናቡቴ ተወገረ። ከሽማግሌዎቹ አንድ እንኳ “ለምን?” ያለ የለም። በእኔ እምነት የእስራኤል መንግሥት መዲና ሰማርያ መውደቅ የጀመረችው ያን ዕለት ነው፤ አሦር በ722 ከክርስቶስ ልደት በፊት ሳይደርስባት፣ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ። በኋላ የነገሠው ኢዩ በኢይዝራኤል የአክዓብን ቤት በቅንዓት ቢፈጅም፣ ነቢዩ ሆሴዕ የኢይዝራኤልን ደም በኢዩ ቤት ላይ ቆጥሮታል።

የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ልጅ ይህን ታሪክ ሲያነብ ሩቅ አገር አይሄድም። በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ርስት አይውረስ ብሎ አወጀ የሚለውን ትውፊት ከአያቶቹ ሰምቷል። ያም ቢሆን የተፈጸመው በእምነት ስም ነው።

መጊዶ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ጣዖታትን ያፈረሰው፣ የሕጉን መጽሐፍ ሰምቶ ልብሱን የቀደደው የይሁዳ ንጉሥ ኢዮስያስ በ609 ከክርስቶስ ልደት በፊት በፈርዖን ኒካዑ እጅ የሞተው እዚያ ነው። ነቢይቱ ሕልዳና በሰላም ወደ መቃብርህ ትሰበሰባለህ ብላው ነበር። መጽሐፈ ነገሥት የይሁዳን ጥፋት ቀድሞ በነገሠው በምናሴ ኃጢአት ያመካኛል፤ መጽሐፈ ዜና መዋዕል ደግሞ ንጉሡ በኒካዑ በኩል የመጣለትን የእግዚአብሔር ቃል አልሰማም ይላል። ሁለት መጻሕፍት፣ ሁለት መልስ። ጸሐፊዎቹ ራሳቸው በጻድቁ ሞት መጨነቃቸውን ልብ ይሏል። እንግዲህ የተሸነፈ ሁሉ በደለኛ፣ የቆመ ሁሉ ጻድቅ ነው የሚል ስብከት ከመጊዶ አያልፍም።

በቤተ እስራኤል በዓል በስግድ ዕለት የሚነበበው የነህምያ ምዕራፍ 9 ጸሎት ከዚህ ስብከት እጅግ የጠለቀ ነው። ነገሥታቱን፣ አለቆቹን፣ ካህናቱንና አባቶችን ጠርቶ፣ የሚጸልየውንም ሰው “በደልን” ከሚሉት ጋር ያቆመዋል። የሌላውን ውድቀት እያየ የሚፈርድበት ቦታ አይሰጠውም። የእስራኤል ፓርላማ ክኔሴት ስግድን በ2008 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ በዓል ብሎ አጽድቆታል፤ በዓሉ ታወቀ፣ ጸሎቱ ግን ገና በቅጡ አልተጠናም። በአፉላም በሌላም ከተማ ያላችሁ ቄሶችና መምህራን፣ ለልጆቻችን የናቡቴንና የኢዮስያስን ምዕራፍ ከዚህ ጸሎት ጋር አንድ ላይ አስተምሩልን።