ከጓሮ የወጣች አይሱዙ

ጭሮ ውስጥ አንድ ወጣት በቤቱ ጓሮ የሠራትን ትንሽ አይሱዙ እጄ ላይ አስቀምጬ ብዙ አየኋት። ርዝመቷ ስንዝር ተኩል ነው። ስድስት ጎማ፣ ነጭ ጋቢና፣ የእንጨት ስፖንዳ፣ ከላይ በሸራ የተሸፈነ ጭነት አላት። ከገለምሶ ጫት ጭኖ የሚከንፈውን መኪና የሚያውቅ ሁሉ ምን እንደጫነች አይጠይቅም። ጎማዋንና ጋቢናዋን ያወጣቸው ሬዚን የሚባለውን፣ ሲደርቅ የሚጠነክር ፈሳሽ አፍስሶ ነው፤ የቀረውን በእጁ ጠርቦ ገጣጥሞታል።

እኛ በልጅነታችን መኪና የምንሠራው ከሽቦ፣ ከቆርቆሮና ከማሽላ አገዳ ነበር። ጎማውን ካረጀ ነጠላ ጫማ ቆርጠን እናወጣለን፤ አራቱ ግን መቼም እኩል አይሆኑም፣ መኪናውም ሲጎተት ያነክሳል። ሬዚን ይህን ችግር ፈቷል። ልጁ የሠራው አንድ ጎማ ብቻ ነው። ጎማውን ከቆርቆሮ ጣሳ ሥር ለጥፎ ሲሊኮን አፈሰሰበት፤ በማግስቱ ሲሊኮኑን ሲልጠው የጎማው ቅርጽ ውስጡ ቀረ። ከዚያ ሬዚኑን ከማጠንከሪያው ጋር እያማሰለ ስድስት ጊዜ ሞላው። ስድስቱም አንድ ናቸው። የቸርኬው ቡሎኖች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ።

ሥራው ለእኛ እንግዳ አይደለም። አንጥረኞቻችን መስቀል የሚያወጡት በሰም ነው፦ ሰሙ ተቀርጾ በጭቃ ይሸፈናል፣ ሲሞቅ ቀልጦ ይወጣል፣ ወርቁ ቦታውን ይይዛል። የቅኔው ሰምና ወርቅም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሙያ ነው። ልዩነቱ፣ የአንጥረኛው ጭቃ አንዴ አገልግሎ ይሰበራል፤ ሲሊኮኑ ግን ይለጠጥና ዕቃውን መልሶ ይሰጣል።

በሙቀት ረገድ ጭሮ ልጁን አግዛዋለች። ሚኤሶ ቆላ ወርዶ በቀትር ቢሞክረው፣ ያንኑ ያህል ማጠንከሪያ ያገኘው ሬዚን አፍስሶ ሳይጨርስ ኩባያው ውስጥ በረጋበት ነበር። አንዱ ጎማ ጠርዝ ላይ ግን የአየር አረፋ የተወችው ቀዳዳ አለች። ያ የጥድፊያ ምልክት ነው፤ ቀስ ብሎ በቀጭኑ ማፍሰስ ያድነዋል።

ከጋቢናው ጋር ግን አልተስማማሁም። ልጁ ከሱቅ በገዛው የፕላስቲክ መጫወቻ ላይ ሲሊኮን አፍስሶ ነው የገለበጠው። ሲሊኮን ያገኘውን ሁሉ ይቀዳል፤ ስለዚህ የመጫወቻው ሁለት ግማሾች የተጋጠሙበት መስመር ሳይቀር ጣሪያው ላይ ወጥቷል። መብራቶቹም የአይሱዙ አይደሉም፣ የየትኛውም መኪና አይደሉም። ፋይበር ግላስ ቤቶች የሚጠቀሙበት ፖሊስተር ሬዚን ደግሞ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ጋቢናው ከሻንሲው ጋር አልገጠመም፤ ክፍተቱን በስቱኮ ደፍኖታል።

ወደ ስፖንዳው ስመለስ ልቤ ይሞቃል። ጣውላዎቹ እንደ ክብሪት እንጨት ቀጥነው ተሰንጥቀዋል። ገመዱ ሸራውን በሰያፍ ጠፍሮት፣ ጭነቱ በቋጠሮዎቹ መካከል እብጥ እብጥ ብሏል። ከባሌስትራው ሥር ቀይ አፈር ለጥፎበታል። ይህን ያደረገው ቆሞ ያየ ሰው ነው። ጋቢናው የተቀዳ፣ ስፖንዳው የታየ ነው፤ አንድ መኪና ላይ ሁለት ሠሪ ያለ ይመስላል።

ጭሮን፣ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪን፣ የቆረቆሯት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከተማዋ ያለችበትን ጨርጨርን ለሌሎች አውራጃዎች አርአያ እንዲሆን አስበው ነበር ያደራጁት። ቀድሞ ዋናው እንዲስተካከል፣ ከዚያ እንዲቀዳ ማለት ነው። ከዚህ ሥራ የጎደለውም እሱ ነው።

ይህን ለሚሞክሩ ሌሎች ልጆች ከልብ የምለው አለኝ። የፖሊስተር ሬዚን ሽታ ጉዳት አለው፣ ማጠንከሪያው ዓይን ውስጥ ቢገባ ሊያሳውር ይችላል። ቤት ውስጥ አትሥሩ፤ ደጅ ውጡ፣ መነጽርና ጓንት አድርጉ፣ ታናናሾቻችሁን አርቁ።

አንተ ወንድሜ ደግሞ ጎማህን እንደያዝክ ቀጥል። ቀጣዩን ጋቢና ግን ራስህ ጥረበው። መንገድ ዳር አይሱዙ በየማለዳው ይቆማል፤ ሜትርህን ይዘህ ሂድና ለካው።