ያላነበብነውን መፈረም

አትላንታ የሚኖር አንድ የድሮ ተማሪዬ በ2020 የአሜሪካ ምርጫ ሰሞን ደወለልኝ (ዓመተ ምሕረቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። ዜግነት ካገኘ ወዲህ ፕሬዚዳንት ሲመርጥ የመጀመሪያው ነበር። «ጋሼ፣ መረጥኩ እኮ!» አለኝ በኩራት። ትንሽ ቆየና ግን፣ «አንድ ነገር ከንክኖኛል» አለ።

ስክሪኑን በጣቱ ነካክቶ ሲጨርስ ማሽኑ ወረቀት አተመለት። ወረቀቱ ላይ የመረጣቸው ሰዎች ስም በፊደል ሰፍሯል። እዚያው ላይ ደግሞ ጥቁር ነጠብጣብ የሞላበት አንድ አራት ማዕዘን አለ። ቆጣሪው ማሽን የሚያነበው ስሞቹን ሳይሆን ነጠብጣቡን ነው። «እኔ የማነበውን እሱ አያነብም፤ እሱ የሚያነበውን እኔ አላነብም። ታዲያ የፈረምኩት የቱን ነው?»

ያን ዕለት መልስ አልነበረኝም። ትዝ ያለኝ በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ የሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። ፊደል ያልቆጠረው ባላገር ጉዳዩን ይነግረዋል፤ ጸሐፊው ይጽፋል፤ መልሶ ያነብለታል፤ ባላገሩም አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያሳርፋል። ጸሐፊው ሐቀኛ ከሆነ እሰየው። ካልሆነስ? ብልህ ባላገር ከመፈረሙ በፊት ወረቀቱን ይዞ ወደ ሌላ ፊደል አዋቂ ይሄድና፣ «እስቲ አንተ ደግሞ አንብብልኝ» ይላል። ጸሐፊውን መስደቡ አይደለም። ሁለተኛ አንባቢ መፈለጉ ነው።

ሰው ግን የምርጫ ትንበያንና የድምፅ መስጫ ማሽንን በአንድ ከረጢት ከትቶ፣ «ይታመናሉ ወይስ አይታመኑም?» ሲል ይከራከራል። ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

ትንበያውን እንውሰድ። በ1936 «ሊትረሪ ዳይጀስት» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች መጠይቅ ላከ፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበና ላንደን ሩዝቬልትን እንደሚያሸንፉ አወጀ። ላንደን ያሸነፉት በሁለት ግዛቶች ብቻ ነው። ለምን? አድራሻው በብዛት የተለቀመው ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ በዚያ የድህነት ዘመን ስልክና መኪና ያለው ማን እንደሆነ ይታወቃል። ከዚያም ውስጥ ለመመለስ የተጉት በሩዝቬልት የተከፉት ነበሩ። ጋለፕ ግን ወደ 50 ሺሕ በሚጠጋ ናሙና አሸናፊውን አወቀ። ወጥ የሚቀምስ ሰው ድስቱን ሙሉ አይጠጣም፤ ግን ሳያማስል ከላይ ከላዩ ከቀመሰ የሚያገኘው ዘይቱን ነው።

ትንበያ ዛሬም ይስታል። በ2016 በወሳኝ ግዛቶች የተደረጉት ብዙዎቹ ጥናቶች ኮሌጅ ያልገባውን መራጭ በልኩ ሳያካትቱ ቀሩ። በ2020 ደግሞ የስሕተቱ መጠን በ40 ዓመት ውስጥ ትልቁ እንደነበር የሙያ ማኅበራቸው ራሱ መስክሯል። ይሁን እንጂ ትንበያ ዳኛ አለው። የምርጫው ዕለት ሲመሽ ያፍራል ወይ ይኮራል። ያ መጽሔትም በሁለት ዓመት ውስጥ ተዘጋ።

ማሽኑስ? ትንበያ ስለ ምርጫው የሚወራ ወሬ ነው፤ ማሽኑ ግን ራሱ ምርጫው ነው። ቢሳሳት በምን እናውቃለን?

በ2006 በፍሎሪዳ ግዛት፣ በሳራሶታ ካውንቲ የሆነውን ልንገራችሁ። ለኮንግረስ በተደረገው ውድድር ወደ 18 ሺሕ በሚጠጉ ድምፆች ላይ ያ ቦታ ባዶ ሆኖ ተገኘ። አሸናፊው የበለጠው በ369 ድምፅ ነው። ይቆጠር ተባለ። ምን ይቆጠር? ማሽኖቹ ወረቀት አያወጡም ነበር፤ ደግመው ሲጠየቁ ያንኑ ቁጥር ደገሙ። የኮንግረሱ መርማሪዎች በኋላ ማሽኖቹን ፈትሸው ጥፋት አላገኙባቸውም፤ ምናልባትም የስክሪኑ አቀራረብ መራጩን አሳስቶት ይሆናል። ግን ተሸናፊው እጅ ውስጥ ገብቶ «በቃ፣ ተሸንፌያለሁ» የሚያሰኝ አንድም ወረቀት አልነበረም። ግዛቲቱ በማግሥቱ ዓመት ወደ ወረቀት የሚመልስ ሕግ አወጣች።

ነገሩን ጥርት አድርጎ ያስቀመጠው የጀርመን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ነው። በ2005 ምርጫ ላይ የዋሉትን ማሽኖች በ2009 ሕገ መንግሥቱን ይጥሳሉ አለ። ማጭበርበር ስለተገኘ አይደለም። ተራው ዜጋ ያለ ልዩ የቴክኒክ ዕውቀት የአመራረጡንና የቆጠራውን ዋና ዋና ደረጃዎች መፈተሽ መቻል አለበት ነው ያለው። በእኔ ቋንቋ፦ ባላገሩ ሁለተኛ አንባቢ የማግኘት መብት አለው።

ጎረቤታችን ኬንያም ይህን በውድ ዋጋ ተምራለች። በ2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የምርጫ ኮሚሽኑ ሰርቨሮች እንዲፈተሹ አዘዘ፤ ኮሚሽኑ ትእዛዙን በሙላት አልፈጸመም፤ የፕሬዚዳንቱ ምርጫ ተሰረዘ። በ2022 ግን ከ46 ሺሕ በላይ ከሚሆኑት ምርጫ ጣቢያዎች የመጡት የውጤት ቅጾች ለሕዝብ በኢንተርኔት ተለቀቁ፤ ካልኩሌተር ያለው ሁሉ ደመረ። ክርክሩ ያኔም ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ውጤቱን አጸኑ።

እዚህ ላይ ተጠራጣሪውንም ሳልወቅስ አላልፍም። በ2004 ኬሪ የተሸነፉ ጊዜ ማሽኑን የጠረጠሩት ዴሞክራቶች ነበሩ፤ በ2020 ትራምፕ ሲሸነፉ ተራው የሪፐብሊካኖቹ ሆነ። ያሸነፈ ማሽኑን ያመሰግናል፤ የተሸነፈ ይከሳል። አምኖ አለማንበብና ጠርጥሮ አለማንበብ ልዩነታቸው እምብዛም ነው።

ለእኛም ማሽን የለንም ብሎ መዝናናት አያዋጣም። በእኛው አቆጣጠር በ1997ቱ ምርጫ ወረቀትም ኮሮጆም ነበረን። ውጤቱ ያስነሳው ውዝግብ ግን የሰው ሕይወት በልቷል። ወረቀት መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ የተጣሉት ወገኖች ሁሉ ባሉበት የሚነበብ፣ ሁሉም የሚያምነው ዳኛ ፊት የሚቀርብ መሆን አለበት።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። የጆርጂያ ግዛት ያን ዓመት ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉትን ወረቀቶች በሰው እጅ አስቆጠረች። ቆጣሪዎቹ የተመለከቱት ነጠብጣቡን ሳይሆን ስሞቹን ነው። በጥቂት ካውንቲዎች ሳይቆጠሩ የቀሩ ድምፆች ተገኙ፤ አሸናፊው ግን አልተለወጠም። በ2024 ደግሞ ድምፅ በዚያ ነጠብጣብ መቆጠሩ እንዲቀር ሕግ ወጣ።

ቆጠራው እንዳለቀ ደወልኩለት። «እንኳን ደስ ያለህ፤ ያንተን ወረቀት ሰው አነበበው» አልኩት። ደስ አለው። ወዲያው ግን የመምህርነት አመሌ መጣብኝና፣ «ለመሆኑ አንተስ ወረቀቱን ከማስገባትህ በፊት ስሞቹን አንድ በአንድ አንብበሃል?» ስል ጠየቅኩት።

ዝም አለ። በመጨረሻ፣ «ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ጋሼ» አለኝ።