የስንኝ መጨረሻ

ጥላሁን ገሠሠ ረጅም ስንኝ ሲይዝ አየር የሚስበው የት ላይ እንደሆነ ለማወቅ አስቸጋሪ ነው። ብዙ ድምፃዊ ወደ አዝማቹ ከመግባቱ በፊት ደረቱ ሲሞላ ይሰማል። ጥላሁን ግን የሚያቆመው ሐሳቡ ባለቀበት ቦታ ብቻ ነው፤ ሳክስፎኑ ክፍተቱን ሲይዝለት ትንፋሹን ሰብስቦ ይመለሳል። ይህን እንዳስተውል ጆሮዬን የከፈቱልኝ አያቴ ናቸው።

አባባ፣ የእናቴ አባት፣ በወጣትነታቸው ጎንደር በዓታ አቋቋም የተማሩ መሪጌታ ነበሩ። ቤታችን ጠዳ፣ ከአዘዞ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ዘፈን ሲከፈት አባባ ተነሥተው ይወጣሉ። አባቴ የጥላሁንን ካሴት ሲያስገባ ግን ከደጃፉ መደብ ላይ አይነሡም፤ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ዝም ይላሉ። «ትዝታ» የመጣ እንደሆነ እናቴም ቡና መውቀጧን ታቆማለች፤ ዘነዘናው ሙቀጫው ውስጥ እንደቆመ ይቆያል።

አንድ ቀን ደፍሬ «አባባ፣ ምኑን ነው የሚሰሙት?» አልኳቸው።

«ይኼ ሰው ድፋቱን ያውቃል ልጄ» አሉኝ።

በያሬድ ዜማ መጻሕፍት ከፊደሉ አናት ላይ የሚቀመጡ ምልክቶች አሉ፤ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጇቸው ሊቃውንቱ ይናገራሉ። ድፋት ድምፅን ያወርዳል፣ ቅናት ያነሣል፣ ርክርክ ያርገበግባል፣ ቁርጥ እንደ ስሙ ይቆርጣል። አባባ የሚያዳምጡት እነዚህን ነበር። ጥላሁን በአቋቋም ቤት አላለፈም፤ እሳቸው ግን በሚያውቁት መስፈርት መዝነው አልፏል አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ዛሬ «ኩሉን ማን ኳለሽ»ን ስሰማ ጆሮዬ የሚሄደው ወደ ስንኙ መጨረሻ ነው። ኃይሉን በመጀመሪያው ቃል ላይ አያፈስም። ከምቱ ጥቂት ዘግየት ብሎ ይገባል፣ መካከሉን ሳያስጌጥ ያልፈዋል፣ ማስረቅረቁን ለመጨረሻዋ ቃል ያቆይላታል። እዚያም ቢሆን ሲበቃው ያቆማል። ጥሩ ሸማኔ ከነጩ በኋላ ጥለቱን እንደሚያሳርፈው ነው፤ ጌጡ ጠርዝ ላይ ስለሆነ ነጩም አብሮ ያምራል። የትዝታ ቅኝት ደግሞ አምስት ድምፅ ብቻ ስላለው ስሕተት የሚደበቅበት ቦታ የለም። ድምፃዊው ወደ መነሻው ድምፅ ተመልሶ ሲያርፍ ብቃቱ ያን ጊዜ ይለያል። ጥላሁን እዚያ ሲደርስ ድምፁ ይሰፋል እንጂ አይጮኽም።

አባቴ በዚህ አይስማማም ነበር። እሱን የሚያስለቅሰው ግጥሙ ነው፤ ጥላሁንን የሚያከብረውም ስለ ቃላቱ ነው። እኔ ግን ከአባባ ጋር ነኝ። ግጥሙንም ዜማውንም ባብዛኛው ሌሎች ደርሰውለታል፤ ቃሉ እያንዳንዷ ፊደል ተሰምታ ከሰሚው ጆሮ እንዲደርስ ማድረጉ ግን የእሱ ሥራ ነው። የሚጠብቀውን አጥብቆ፣ የሚላላውን አላልቶ ሲዘፍን ዜማው ቃሉን አያጣምመውም። አማርኛ በዜማ ስንት ጊዜ እንደሚጎዳ የሚያውቅ ሰው የዚህን ክብደት ይረዳል።

መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልዶ ወሊሶ ያደገው ልጅ ይህን ጥበብ ያጎለበተው በመድረክ ላይ ነው። ከሀገር ፍቅር ቴአትር ወደ ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሲገባ፣ እነ ሳህሌ ደጋጎ ዜማ ከሚደርሱበት ቤት ገባ። ከትራምፔትና ከትሮምቦን ፊት ቆሞ ሳይጮኹ መሰማትን የሚያስተምር ቤት ነው። የ1953ቱ የታኅሣሥ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ለእስር ቢዳርገውም ከመድረክ አላስቀረውም። በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛም ዘፍኗል።

ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው፤ ዕለቱ ትንሣኤ ነበር። አባባ ቀድመውት አርፈዋል። እኛ ቤት የፋሲካ ዶሮ ቀርቦ ሳለ ዜናው ተሰማ፤ አባቴ እጁን ታጥቦ ከገበታው ተነሣ፣ እናቴም አልጠራችውም። ሥርዓተ ቀብሩ በመንግሥት ደረጃ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተፈጸመ። አባቴ በዚያ ሳምንት ካሴቱን አልከፈተም። በኋላ ሲከፍተው ግን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አባባ ይቀመጡበት በነበረው መደብ ላይ ሆኖ ነው ያዳመጠው። ግጥሙን አብሮ ማለቱንም ትቶ ነበር።

ቤታችሁ የቅዳሴም የዘፈንም ጆሮ ያላቸው አረጋውያን ካሉ ጥላሁንን ክፈቱላቸውና ምን እንደሚሰሙ ጠይቋቸው። ስታዳምጡም ለስንኙ መጨረሻ ጆሮ ስጡ።