የደራሲ ብዕርና የአራሚ ብዕር
ስለ ሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን»

መምህሩ «የሚያስፈራ አጭር ታሪክ ጽፋችሁ አምጡ» ብሎ ባዘዘ ጊዜ ተማሪውን ሁለት ጭንቀት ያገኘዋል። ፊተኛው ምን ልጻፍ የሚለው ነው። ኋለኛው ደግሞ ጽሑፉ በጓደኞቹ ፊት ተነብቦ፥ በቀይ ቀለም ተሠርዞና ተደልዞ በተመለሰለት ጊዜ፥ ከእርማቱ የትኛውን ልቀበል የትኛውንስ ልተው የሚለው ነው። ስለ ፊተኛው ብዙ ተነግሯል፤ ስለ ኋለኛው የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በሁለቱም ፈተና ያለፈች አንዲት ወጣት የጻፈችውን መጽሐፍ ከአንባቢ ጋራ እንመርምር።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1816 ዓመት በሰኔ ወር በስዊስ አገር በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ጥቂት እንግሊዞች ተሰብስበው ነበር። በዚያ አገር ሰኔ የፀሐይ ወራት ነው፤ ነገር ግን በ1815 በኢንዶኔዢያ የታምቦራ ተራራ በእሳት ፈንድቶ አመዱ ሰማዩን ስለ ጋረደው፥ ያ ሰኔ የዝናምና የብርድ ሆነ። ከቤት መውጣት ያልተቻላቸው እንግዶች ማታ ማታ እሳት ከበው የመናፍስት ተረት ያነቡ ነበር። ያን ጊዜ ባለቅኔው ሎርድ ባይረን ሁሉም በየፊናቸው አንድ አንድ የመናፍስት ታሪክ እንዲጽፉ አሳብ አቀረበ። ከመካከላቸውም የ18 ዓመት ልጅ የነበረችው ሜሪና በዚያው ዓመት መጨረሻ ባሏ የሆነው ባለቅኔው ፐርሲ ሼሊ ነበሩ።

ሜሪ በ1831 በጻፈችው መቅድም እንደ ነገረችን፥ በየማለዳው ታሪክ አገኘሽ ወይ ብለው ሲጠይቋት እያፈረች አላገኘሁም ትል ነበር። በኋላ ግን ወንዶቹ ስለ ሕይወት ምንጭ ሲከራከሩ ዝም ብላ ስትሰማ አመሸች፤ በዚያችም ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሏት ሳለ፥ አንድ ሰው የሬሳ ብልቶች ገጣጥሞ በሠራው አካል አጠገብ ተንበርክኮ፥ ያም አካል ሲንቀሳቀስ በአሳቧ ታያት። እኔን ያስፈራኝ ሌላውንም ያስፈራል ብላ በማግሥቱ ብዕሯን አነሣች። የመጀመሪያው ትምህርት እዚህ ላይ ነው፤ ሌላውን ለማስፈራራት ስትጥር ያጣችውን ታሪክ፥ ራሷ በፈራች ጊዜ አገኘችው።

እርስዋ ያሰበችው ጥቂት ገጽ የሚሆን አጭር ታሪክ ነበር። ፐርሲ ግን አሳቡን እንድታሰፋው መከራት። ይህ ምክር ባይኖር ኖሮ አንድ የፍርሃት ሌሊት ብቻ እናነብ ነበር። ምክሩን ስለ ተቀበለች ግን፥ ሠሪው ከሥራው ፊት ሸሽቶ፥ የተሠራው ፍጥረት ስምና አባት አጥቶ፥ በየደጁ ተባርሮ፥ በመጨረሻ ነፍሰ ገዳይ እስኪሆን ድረስ ያለውን መከራ ጻፈችልን። እውነተኛው ድንጋጤ የሬሳው መነሣት ሳይሆን የሠሪው መሸሽ እንደ ሆነ ያወቅነው ታሪኩ በመስፋቱ ነው። አራሚው አንድ ቃል ሳይጨምር፥ ደራሲዋ የጀመረችውን እስከ ዳር እንድታደርስ አደረጋት።

የእጅ ጽሑፉ ረቂቅ እስከ ዛሬ በኦክስፎርድ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ቻርልስ ሮቢንሰን የሚባሉ ሊቅ የሁለቱን እጅ ለይተው እንደ ገመቱት፥ 72000 ቃል ከሚሆነው መጽሐፍ ከ4000 እስከ 5000 የሚሆነው የፐርሲ ነው። ከዚህም ውስጥ የሚመሰገን አለ። ሠሪው ለፍጥረቱ የመረጠለትን መልክ ሜሪ «መልከ መልካም» ብላው ነበር፤ ፐርሲ «ውብ» ብሎ ለወጠው። ቃሉ ከፍ ባለ መጠን፥ ዓይኑ በተገለጠ ጊዜ የታየው አስቀያሚነት የባሰ ያስደነግጣል። ይህ የሞረድ ሥራ ነው፤ ስለቱን ይጨምራል እንጂ ቢላዋውን አይለውጥም።

የሚነቀፍም አለ። ሜሪ በቀላል ቃል የጻፈችውን ፐርሲ ብዙ ጊዜ በሊቃውንት ቃል ይተካዋል። «የመናፍስት ተረት» ያለችውን «የከንቱ እምነት ታሪክ» አደረገው፤ «ሥዕል» ያለችውን «አምሳል» አለው። ቃሉ ከበደ፥ ፍርሃቱ ግን ቀለለ። ይህ በሽታ በእኛም ዘንድ አለ። «ፈራሁ» ማለት ሲበቃው «አኀዘኒ ፍርሃት» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ግእዝ ማወቁን ያሳየናል፥ መፍራቱን ግን አያሳየንም። በጨለማ የሚጮህ ሰው ቃል አይመርጥምና።

ከሁሉ የሚበልጠው በመጽሐፉ መደምደሚያ ላይ ያለው ነው። ፍጥረቱ ከመርከቡ ወርዶ በበረዶው ባሕር ላይ ሲሄድ፥ በሜሪ ረቂቅ የመርከቡ አለቃ በጨለማውና በርቀቱ ውስጥ ከዓይኔ ጠፋብኝ ይላል። በፐርሲ እርማት ግን የጠፋው ራሱ ፍጥረቱ ነው። ልዩነቱ የአንድ ሐረግ ነው፤ በፊተኛው ግን የተመልካቹ ዓይን ብቻ ስለ ደከመ፥ ያ ፍጥረት ምናልባት ዛሬም በሕይወት እንዳለ አንባቢው ይጠረጥራል፤ በኋለኛው ነገሩ ተፈጽሞ በሩ ተዘግቷል። ሜሪ ራሷ መጽሐፉን በ1831 ስታድስ ይህን ቦታ እንደ ታረመ ተወችው። እኛ ግን ደራሲዋ የወደደችውን ብንነቅፍም፥ የፊተኛው ቃል ይበልጥ ነበር እንላለን። አስፈሪ ታሪክ በመጨረሻው አንባቢውን አሳርፎ የሚያሰናብት ከሆነ፥ እስከዚያ የደከመበት ሁሉ በከንቱ ይቀራልና።

የእርማት ነገር የቃል ምርጫ ብቻ አይምሰለን። መጽሐፉ በ1818 ያለ ደራሲ ስም በታተመ ጊዜ ስመ ጥሩው ዋልተር ስኮት አመስግኖ ሲጽፍ፥ ድርሰቱን ለፐርሲ ሰጠው። ሜሪም የእኔ ነው ብላ በደብዳቤ አስታወቀችው። በእንግሊዝ አገር ስሟ በመጽሐፉ ላይ የታተመው በ1823 ነው። በ1831ም፥ ባሏ ባያበረታታት መጽሐፉ ይህን መልክ ባልያዘ ነበር ብላ ውለታውን መሰከረች፤ ከታሪኩ ግን አንዱንም ነገር ከእርሱ እንዳልወሰደች ገለጸች። ምስጋናውንም ባለቤትነቱንም በአንድ ቦታ መጻፏ ትልቅነቷን ያሳያል።

እንግዲህ እርማት ሦስት ዓይነት መሆኑን ከዚህ መጽሐፍ እንማራለን። «ከዚያስ በኋላ?» ብሎ የሚጠይቅ አለ፤ ቃልን የሚሞርድ አለ፤ የአራሚውን ድምፅ በጸሐፊው ድምፅ ላይ የሚደርብ አለ። ተማሪ ፊተኛውን በደስታ ይቀበል፤ ሁለተኛውን ጮክ ብሎ አንብቦ ይመርምረው፤ ሦስተኛውን ግን በትሕትና አመስግኖ ይተወው። መምህርም ቀዩን ቀለም ከማንሣቱ በፊት፥ ልጁ በእውነት የፈራው በየትኛው መስመር ላይ እንደ ሆነ አስቀድሞ ይፈልግ፤ ያንንም መስመር ሳይነካ ይለፈው።