ከኩማር ጥናት የተረሳችው ቃል

ስለ ሴፕሲስ በሚሰጡ ንግግሮች ላይ አንድ ቁጥር ሳይጠቀስ አያልፍም፦ አንቲባዮቲኩ በዘገየ ቁጥር፣ በየሰዓቱ የመትረፍ ዕድል በአማካይ 7.6 በመቶ ይቀንሳል። ቁጥሩ የተወሰደው አናንድ ኩማርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ካሳተሙት፣ የ2,731 ሕሙማንን መዝገብ ከመረመረ ጥናት ነው። ጥሩ ጥናት ነው። ችግሩ ያለው አጠቃቀሳችን ላይ ይመስለኛል።

አንደኛ፣ ሕሙማኑ በሙሉ ሴፕቲክ ሾክ ውስጥ የገቡ ነበሩ፤ ሰዓቱ የሚቆጠረውም የደም ግፊታቸው ከወደቀ ጀምሮ ነው። ትኩሳት ይዞት ሚዩን የገባ ሰው ሁሉ እዚህ ውስጥ የለም። ሁለተኛውና ዋናው፣ ሰዓቱ የሚቆመው «ውጤታማ» አንቲባዮቲክ ሲሰጥ ነው፤ ማለትም በሽታውን ያመጣውን ባክቴሪያ በእርግጥ የሚመታ መድኃኒት። ያችን አንዲት ቃል አውጥተን «ቶሎ ስጡ» የሚለውን ብቻ ይዘን ሄድን። በ2018 የወጣው የሴፕሲስ ዘመቻ መመሪያ ደም መውሰዱንም፣ አንቲባዮቲኩንም፣ ፈሳሹንም በአንድ ሰዓት ውስጥ ጀምሩ ሲል ጥድፊያው ጫፍ ደረሰ።

የቃሏ መጥፋት ምን እንደሚያስከትል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2006 በእስራኤል ሆስፒታሎች ካርባፔነምን የሚቋቋም ክሌብሲዬላ ተዛመተ። ሽዋበርና ባልደረቦቹ እንደዘገቡት እስከ መጋቢት 2007 መጨረሻ በ27 ሆስፒታሎች 1,275 ሰዎች ተገኝቶባቸዋል። ካርባፔነም ደግሞ ሌላው ሁሉ ሲያቅት የሚወጣ መድኃኒት ነው። እንዲህ ያለ ባክቴሪያ ደሙ ውስጥ ለገባ የጽኑ ሕሙማን ክፍል በሽተኛ ካርባፔነም በ20 ደቂቃ ቢሰጠው መዝገቡ ላይ «በሰዓቱ ታክሟል» ይባላል፤ በኩማር አቆጣጠር ግን ሰዓቱ ገና እየሄደ ነው። ወረርሽኙን የገታው የጤና ሚኒስቴር ትእዛዝ ነው፦ ተሸካሚዎችን ለይቶ ማስቀመጥ፣ ለእነሱ ብቻ የሚሠሩ ነርሶች መመደብ፣ በየቀኑ ሪፖርት ማድረግ። ይሄ ከሰዓት ሩጫው ጋር ሲነጻጸር አሰልቺ ሥራ ነው፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ስላይድ ላይ የማናየው።

የ2021 መመሪያ ይሄን በከፊል አርሞታል፦ ሾክ ካለ ወይም ሴፕሲስ የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ከሆነ አንድ ሰዓት፤ ሾክ ከሌለና ነገሩ ካልተለየ እስከ ሦስት ሰዓት ማጣራት። እኔ ከዚህ ጎን ነኝ። ሆስፒታል ለሌላት ለቂርያት ጋት ጥያቄው ተጨባጭ ነው፤ በሽተኛ ወደ ባርዚላይ ወይም ወደ ሶሮካ መጓዝ አለበት። ታዲያ ለምን አምቡላንስ ውስጥ አይጀመርም? ሆላንዶች ሞክረውታል። በ2018 በታተመው ፋንታሲ በተባለው ጥናት 2,698 ሰዎች ተሳትፈው፣ አምቡላንስ ውስጥ የተወጉትም ያልተወጉትም በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት 8 በመቶ ነበር። ብዙዎቹ ሾክ ውስጥ አልነበሩም፤ ስለዚህ ጥናቱ ከኩማር ጋር አይጣላም፣ የኩማርን ቁጥር ለሁሉም ከሚያለብሱት ጋር እንጂ።

በአምቡላንስ ጉዞው ላይ መድረስ ያለበት ሌላ ነገር አለ፦ መረጃ። በቅርቡ ሆስፒታል ተኝተው ነበር? ባለፉት ወራት የትኛውን አንቲባዮቲክ ወሰዱ? የቀድሞ የሽንት ካልቸር ምን አሳየ? ትክክለኛውን መድኃኒት ለመገመት ሐኪሙ የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው፤ ግማሹ በኩፓት ሖሊም ኮምፒውተር ውስጥ፣ ግማሹ በሽተኛው አፍ ላይ ነው። እና አንዲት የኛ እናት በአማርኛ «ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ያንቀጠቅጠኛል» ስትል ጠዋት ዘጠኝ ሰዓት ማለቷ ሊሆን ይችላል። በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ቃሉን እንዳለ ካስተላለፈው፣ ፎርሙ ላይ 03:00 ይጻፋል። መመሪያዎቹ ደቂቃ ሲቆጥሩ፣ የሕመሙ መነሻ ሰዓት በየትኛው አቆጣጠር እንደተነገረ የሚጠይቅ መስመር አላየሁባቸውም።