ለውዝን ከሕፃናት ማዕድ ስለ ማራቅ፦ የአንድ ምክርና የሻረው ጥናት ሂስ

የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ምክር፣ ለአለርጂ የተጋለጡ ሕፃናት እንቁላል እስከ 2፣ ለውዝ (ኦቾሎኒ) እና ዓሣ እስከ 3 ዓመታቸው እንዳይቀምሱ አሳስቦ ነበር። ምክሩ ጥንቃቄ ይምሰል እንጂ ያረፈው በግምት ላይ ነበር፤ አካዳሚው ራሱም በ2008 ማዘግየት እንደሚከላከል የሚያሳይ አሳማኝ ማስረጃ አለመኖሩን ገልጿል።

በ2015 የታተመው፣ ሊፕ የተሰኘው የለንደን ጥናት ግምቱን ጨርሶ ገለበጠው። ብርቱ ኤግዚማ፣ የእንቁላል አለርጂ ወይም ሁለቱም የነበረባቸው ከ4 እስከ 11 ወር የሆናቸው 640 ሕፃናት በዕጣ ተከፍለው ገሚሶቹ ለውዝ ተመገቡ፣ ገሚሶቹ ተከለከሉ። በመነሻው የቆዳ ምርመራ ምላሽ ካላሳዩት መካከል፣ በ5 ዓመታቸው የለውዝ አለርጂ የተገኘባቸው ከተከለከሉት 13.7 በመቶ ሲሆኑ ከተመገቡት 1.9 በመቶ ብቻ ናቸው።

ውጤቱ ጠንካራ ነው፤ አጠቃቀሙ ግን ብዙ ጊዜ ከወሰኑ ያልፋል። በቆዳ ምርመራ ከ4 ሚሊ ሜትር የበለጠ እብጠት ያሳዩ ሕፃናት ከጅምሩ ስላልተካተቱ ጥናቱ ለእነርሱ መልስ የለውም። የተፈተነውም ለውዝ ብቻ ነውና ለወተት ወይም ለስንዴ ማስረጃ አድርጎ መጥቀስ ስሕተት ነው። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ በሚመከርበት በኢትዮጵያም «ከ4 ወር» የሚለው እንዳለ ሊቀዳ አይገባም። በ6 ወር ተጨማሪ ምግብ ሲጀመር ለውዙ ልሞ ከገንፎ ጋር ይቀላቀላል፤ ሙሉ ፍሬው ግን ስለሚያንቅ ለሕፃን አይሰጥም።